ከፈረሰው ኮረብታ የመጡ ዛጎሎች

ሰውዬውን ያየሁት ቀራንዮ ፌርማታ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ልጄን አዝዬ ታክሲ ስጠብቅ ነው። የኮቱ ክርን አልቋል፤ አንገቱ ላይ አጉሊ መነጽር በክር ተንጠልጥሏል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጭኑ ላይ ባስቀመጠው ቆርቆሮ ውስጥ ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ የቀንድ አውጣ ዛጎሎችን እኔ ምስር እንደምለቅመው በመርፌ ጫፍ ይለያል፤ ወደ ቀኝ የተጠመዘዙትን ወዲህ፣ ወደ ግራ የተጠመዘዙትን ወዲያ።

"ምን ያደርጉልዎታል?" አልኩት።

"ከኖራ ድንጋይ ኮረብታ የለቀምኳቸው ናቸው፣ እህቴ። ኮረብታውን በድማሚት አፈረሱት። ከእንግዲህ ዘራቸው የሚታወቀው በእነዚህ ብቻ ነው።"

ሰልፍ ላይ የነበረ አንድ ጎረምሳ አንገቱን አስግጎ ዛጎሎቹን አየ። "በመድኃኔዓለም ደጅ ዛጎል ትጥላለህ፣ አንተ ጠንቋይ?" ብሎ አፉን በቡጢ መታው። ሰውዬው ሲወድቅ ጎኑን በእርግጫ ደገመው። ቆርቆሮው ተገልብጦ ዛጎሎቹ አስፋልቱ ላይ ተበተኑ፤ ጎረምሳው በከባድ ጫማው ረገጣቸው። ሲደቁ ሰማሁ።

የሰውዬው አፍ በደም ተሞልቷል፤ ፊቱን ግን አልከለለም። የጎረምሳውን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጁ ያዘ።

"ወንድሜ፣ ከፈለግክ ምታኝ። እግርህን ብቻ አታሽከርክረው፤ ቀጥ አድርገህ አንሳልኝ።"

ሊደግመው የተነሳው ቡጢ አየር ላይ ቀረ። ጎረምሳው እግሩን ቀስ ብሎ አነሳ። ሰውዬው ከሶሉ ስንጥቅ ውስጥ የተሰኩትን ዛጎሎች በመርፌው መልቀም ጀመረ። ደሙን እንዲጠርግበት የልጄን መሃረብ ብሰጠው፣ መሬት ላይ አንጥፎ ያልተሰበሩትን አስቀመጠበት። ጎረምሳው በአንድ እግሩ እንደቆመ፣ እንዳይወድቅ የመታውን ሰው ትከሻ ደገፍ አለ።