ለኮምፒውተር ማሽላ የተጠራ ደቦ

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲሪንቃ ባለው የምርምር ጣቢያ ማሽላ ሲያበቅል ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ማሽላ ማብቀል ጀመረ።

ያስለመደችው ሐዋሳ የምትሠራው ልጃችን ናት። በኢንተርኔት የሚጫወቱት የእርሻ ጨዋታ ነው። እሷ ከሐዋሳ፣ እሱ መርሳ ካለው ቤታችን ሆነው አንድ እርሻ ላይ ይገናኛሉ። እሷ ላም ታልባለች፣ እሱ ያርሳል። አልፌ ሳየው ሁልጊዜ ሲያጉረመርም ነው የማገኘው።

«ወፍ የማያርፍበት ማሽላ» ይላል። «ይኼ እርሻ ነው? ደመወዝ ነው እንጂ።»

ሞቱ ድንገት ነበር። ስለ እሱ እዚህ ብዙ አልጽፍም። ድሮም ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እዚያ ላይ ስደርስ ደግሞ ጨርሶ እቆማለሁ።

ዒዳ ላይ ነበርኩ። ባሏ የሞተባት ሴት ከቤቷ የማትወጣበት ጊዜ ማለት ነው። የባለቤቴ ታላቅ እህት እኔን ለማዋል ከሐራ መጥታ አብራኝ ተቀምጣለች። አንድ ቀን ልጄ ደወለች።

«እማ፣ የአባዬ ማሽላ ደርሷል።»

ማሳ የለንም። «የምን ማሽላ?» አልኳት።

«የጨዋታው። ከመሞቱ በፊት የዘራው ነው። እሁድ ማታ ውርጭ ይገባል፤ ያልታጨደ ሰብል ይጠፋል።»

«መርሳ ላይ ውርጭ?»

«ጨዋታው ላይ ነው እማ። አየሩ የፈረንጅ ነው።»

እሷ ብቻዋን ልታጭደው አትችልም። ማሳው በእሱ ስም ስለሆነ የሚከፈተው ከእሱ ኮምፒውተር ነው። እሱ ደግሞ የዘራውን ሜዳ ላይ ትቶ የሚያድር ሰው አልነበረም። «ምን ልንካ?» አልኳትና መነጽሬን አደረግኩ።

ኮምባይነር መንዳት እንዲህ ተጀመረ። በቀስቶቹ ወደፊት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለካ ቀላል ነው። ትንሽ እንዳጨድኩ ግን ማሽኑ ባለበት ደረቀ፤ «ግንኙነትዎ ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እንደገና ስንገባ ኮምባይነሩ ማሳው ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ማሽላውም እንዳልተነካ ቆሟል። ጎተራ ያልገባ እህል፣ መስመሩ ሲቋረጥ እንዳልታጨደ ይቆጠራል።

ልጄ በስልክ ታዘኛለች። የዋይፋዩን ሣጥን አጥፍተሽ አብሪ አለችኝ፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ኮምፒውተሩ ራሱን እያደሰ እንዳይሆን እዪ አለችኝ፤ አየሁ፣ አያድስም።

«ሣጥኑ የት ነው ያለው?»

«ከቴሌቪዥኑ ጋር ተሸፍኗል።»

«ለምን?»

«ለቅሶ ቤት ነዋ» አለች አክስቷ ከጎኔ። ቴሌቪዥኑን በሞተበት ቀን በነጠላ የሸፈነችው እሷ ነበረች፤ ሣጥኑም ከጎኑ ስለነበር አብሮ ተሸፈነ።

«አክስቴ፣ ሣጥኑ ምን ቤት ነኝ ብሎ ያዝናል?»

ቴሌቪዥኑን እንደተሸፈነ ትተን ሣጥኑን አወጣነው። እንደታመመ ሕፃን ይተኩሳል። መስኮቱ ላይ አስቀመጥነው። ትንሽ የተሻለው መሰለ፤ ማሳው መሐል ስደርስ ግን ያው ደረቀ። ከባለቤቴ የዘር ናሙናዎች መሐል ረጅም የኢንተርኔት ገመድ ፈልገን ከሣጥኑ ወደ ኮምፒውተሩ አገናኘን። አሁንም ደረቀ።

«ይሄ ነገር ወፍ አለበት» አለች የባለቤቴ እህት። «ወንድሜ ‹ወፍ የለም› ሲል ዝም ብሎ ነው።»

ዓርብ ዕለት የጁምዓ አዛን ወጣ። እቤቴ ሰግጄ ስጨርስ፣ ልጄ ሥራ ላይ ብትሆንም እጄን ላፍታታ ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ኮምባይነሩ ቅቤ እንደተቀባ ይንሸራተት ጀመር። አንዱን ትልም ጨርሼ ዞርኩ፣ ሌላውንም ጨርሼ ዞርኩ። ችግሩ የተፈታ መስሎኝ ደስ ሲለኝ፣ ከውጭ የባጃጅ ሞተርና የሰው ወሬ ተሰማ፤ ኮምባይነሩም ቀጥ አለ።

የባለቤቴ እህት በመስኮት አየች። «ከመስጊድ ተመለሱ።»

«እነማን?»

«ባጃጆቹ ናቸዋ።»

ከአጥራችን ሥር ባጃጆች ተራ ይይዛሉ። ከአጥሩ አልፎ የወጣ የማንጎ ዛፍ ስላለን፣ ጥላው ስቧቸው ነው ብዬ አስብ ነበር። ፀሐይ በሌለበት ቀንም ለምን እዚያው እንደሚቀመጡ ጠይቄ አላውቅም።

በሩን ገርበብ አድርጌ ከውስጥ ሆኜ ጠየቅኩ። «የዋይፋዩን ቁልፍ ማን ሰጣችሁ?»

ከመሐላቸው አንድ ጎልማሳ ሾፌር መለሰ። «አባባ ናቸው እማማ፣ አላህ ይዘንላቸውና። ‹ውኃና ዋይፋይ አይከለከልም› አሉን። እኛም በነካ እጃችን ለጎረቤቱ አዳረስን።»

«ለጎረቤቱም?»

«የሰጡን እኮ ታክሎበት እንዲሰጥ መስሎን ነው።»

ለልጄ ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት። ከሳቋ ስትመለስ፣ «በቃ፣ ቁልፉን ቀይሪው። አፍታ አይፈጅም፤ እኔ እመራሻለሁ» አለች።

ልቀይር ተቀምጬ ነበር። እጄ ግን እምቢ አለኝ። እሱ የከፈተውን በር ዘግቼ የእሱን እህል ላስገባ? አውቀዋለሁ፤ ከዚያስ ማሽላውን ውርጭ ቢበላው ይመርጣል። እኔ ደግሞ ማሽላውንም አልተውም።

«ንገሪያቸው» አልኩ ለባለቤቴ እህት። «እሁድ ከዐሱር ሶላት በኋላ ደቦ አለብኝ።»

«ዒዳ ላይ ያለች ሴት ደቦ ትጠራለች?»

«ማንም ምንም አይሠራም። ስልካቸውን ዘግተው አጥሩ ሥር ይቀመጡ።»

ወጥታ ለሾፌሮቹም ለጎረቤቱም ነገረች። የጎልማሳው ሾፌር ድምፅ በአጥሩ ላይ ተሰማ። «የማይሠራበት ደቦ ነው? ንፍሮውስ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያ እኔ ጎበዝ ሠራተኛ ነኝ።»

እሁድ የማሽላና የሽምብራ ንፍሮ በትሪ ወጣላቸው። ስልኮች ተዘጉ። ቀጥሎ ያለችው ክርስቲያን ጎረቤታችን የልጆቿን ስልክ በሰፌድ ሰብስባ አመጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ብከለክላቸውም አይሰሙኝም፤ አንቺው ጋ ይታሰሩ» ብላ እሷም ተቀመጠች።

ልጄ ከሐዋሳ በጨዋታው መኪና ከጎኔ እየነዳች እህሉን ትቀበለኛለች፣ በስልክ ደግሞ ትጮህብኛለች። «ወደ ግራ እማ። ወደ ግራ። ያ ቀኝ ነው።»

«ግራና ቀኝን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«እንዴት ተማርኩ ታዲያ?»

የባለቤቴ እህት መስኮቱ ላይ ቆማ ወሬ ታቀብላለች። «ግማሹን አልፋለች» ስትል ከአጥሩ ሥር፣ «ወፍ አባራሪ አያስፈልግም?» ይላል አንዱ። «አንተ ከንፍሮው ላይ ተባረር» ይለዋል ሌላው። አንዴ ማሽኑ ተንገዳገደብኝ። «ማነው ስልክ የከፈተ?» ብላ ጮኸች። ሰዓት ሊያይ የከፈተ ሰው ተገኘ፤ ጓደኞቹ ትሪውን ከፊቱ አነሱበት።

ወደ ማሳው ጥግ ስደርስ ማሽላው መሐል አንድ ነገር ቆሞ አየሁ። አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ርብራብ፣ መወጣጫ ያለው። ቀስ አልኩ።

«ምንድነው እሱ?» አለች ልጄ። «እኔ አልሠራሁትም።»

የባለቤቴ እህት ከመስኮቱ መጥታ አጎንብሳ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «ማማ ነው።»

ወፍ ጠባቂ ቆሞ ወንጭፍ የሚወነጭፍበት ማማ። ወፍ በሌለበት አገር፣ ለአጥር የሚሸጠውን እንጨት እየገዛ፣ ለማንም ሳይናገር ሠርቶታል። አገዳው ሸፍኖት ሰው አላየውም። ጎረቤቴ ምን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ እኔና የባለቤቴ እህት ግን መሳቅ ጀምረን ነበር፣ በእንባም ዓይናችን አላየልንም። ልጄ ከሐዋሳ፣ «ንገሩኝ እንጂ» ትላለች።

ማማውን ሳልነካ ዙሪያውን አጨድኩ። የመጨረሻው እህል መኪናው ላይ ተጫነ፣ ልጄ ወደ ጎተራው ነዳች። ሲራገፍ ቁጥሩ ወደ ላይ እየሮጠ ሄዶ ቆመ።

«ገባ» አለች።

«ገባ» አለች የባለቤቴ እህት በመስኮቱ።

ከአጥሩ ሥር እንደ አውድማ ሰዎች ሆ አሉ። እኔ ባዶውን ኮምባይነር ወደ መጠለያው ልመልስ ዞርኩ። የጎልማሳው ሾፌር ድምፅ መጣ። «እማማ፣ አሁን እንክፈተው?»

«ክፈቱት።»

ሰፌዱ ላይ ያሉትንም ስልኮች ጎረቤቴ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ኮምባይነሩ መንገድ ላይ ደረቀ።

«ሄደ?» አለች የባለቤቴ እህት።

«ሄደ።»

«እህሉስ?»

«እህሉ ገብቷል» አልኳትና የቀረውን ንፍሮ ወደ እኛ እንድትስበው ነገርኳት።