ልጄን ያሳነስኩበት ምርጫ

ለአዲሱ የአውራጃ ሸንጎ ተወካይ የምንመርጥበት ቀን በተነገረ ጊዜ እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕድሜው አሥራ ስምንት የሞላ ሁሉ ይምጣ፣ ማንም እንዳይቀር የሚለውን። ሰው አውራጃችን አዲስ ነው፣ ከእንግዲህ ነገራችን ፍኖተ ሰላም ላይ በራሳችን ሰው ይታያል እያለ ሲያወራ፣ እኔ የልጄን ዕድሜ በልቤ አሰላ ነበር። ሞልቶታል።

አሥራ ስምንት የሞላው ይመርጣል፤ አሥራ ስምንት የሞላው ይዘምታል። ያን ጊዜ የሰሜኑ ጦርነት ሰው አይጠግብም ነበር። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ይህን ያህል ጎረምሳ አምጣ በተባለ ቁጥር ከየቤቱ ሲለቅም እናያለን። ዛሬ መራጭ ነኝ ብሎ ስሙን ያስጻፈ ልጅ፣ ነገ ጥሪ ሲመጣ ገና ልጅ ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል? ወንድ ልጄ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሞፈሩን የያዘው እሱ ነው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ሽንዲ ተድረው የራሳቸውን ጎጆ ይዘዋል።

ዕድሜውን ልክ የምታውቅ ከኔ ሌላ አንዲት ሴት ነበረች። ጎረቤቴ ናት፤ ከአገው ምድር ተድራ የመጣች። እኔና እሷ በአንድ ሳምንት ወልደን ልጆቻችንን በአንድ ቀን ክርስትና አስነሣን። የኔ ወተት አልወርድ ብሎ ልጄ ሲያለቅስ፣ ከአራስ ቤቷ እያስመጣች ከራሷ ልጅ ጋር ያጠባችው እሷ ናት። ሁለቱ እንደ መንታ አደጉ። ባለፈው ዓመት በቆሎ ጭነው አብረው ቡሬ ገበያ ወጡና አፈሳ ገጠማቸው። የሷን ልጅ መኪና ላይ ጫኑት። የኔው በአንድ እህል ነጋዴ ጆንያ መሀል ገብቶ ተጋድሞ ተረፈ። ማታውን ሁለቱንም አህዮች እየነዳ መጣ። የሷን አህያ አስረክቧት ሲመለስ ምን አለችህ ስለው፣ አህያዋን ብቻ ስትደባብስ ቆየች አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምንጭ ላይ እኔ ስመጣ እሷ እንስራዋን ሳትሞላ ትነሣ ነበር። እኔም ምን ብዬ ላናግራት? ልጄ ስለተረፈ ይቅር በይኝ አይባል።

የምርጫው ዋዜማ ልጄን ጓሮ አስቀምጬ ጭንቅላቱን በምላጭ ላጨሁት። አናቱ ላይ ብቻ እንደ ሕፃን ቁንጮ ተውኩለት። ከንፈሩ ላይ ያቆጠቆጠችውንም ጠጉር ፋቅሁ። ያጠረበትን ያምናውን ቁምጣ አስለበስኩት።

«እማዬ፣ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል» አለኝ። ያጨንለት ልጃገረድ ቤተሰቦችም እዚያ እንደሚመጡ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ይሳቅብህ» አልኩት። «ብቻ ድምፅህን እንዳታሰማ። ድምፅህ ያጋልጥሃል።»

ለምን ቤት አልደበቅሽውም የሚል ይኖራል። ቤት የቀረ ጎረምሳ ካለ ሊፈትሽ ሚሊሺያ እንደተመደበ ሰምተን ነበር። ተደብቆ ከተያዘ አለቀለት። በሰው ፊት ይዤው ቀርቤ ልጅ ነው ብዬ ብከራከር ይሻላል አልኩ።

ምዝገባውም ምርጫውም በአንድ ቀን፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር። ከፍኖተ ሰላም የመጣ ካድሬ ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ተብሎ ለእያንዳንዳቸው የአውሬ ሥዕል ተሰጥቷቸዋል። ሊቀመንበራችንም ይወዳደራል፤ የሱ ምልክት ዝሆን ነው። አንድ ሽማግሌ ቀጭኔዋን አተኩረው አይተው ይቺ አንገቷ የረዘመ የማን ከብት ናት፣ ለእርሻ ትሆናለች ወይ ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ከፊታችን ስንት ሰው እንደቀረ እቆጥር ነበር።

ተራችን ደርሶ ስሜን አስጻፍኩ። ካድሬው ቀና ብሎ ልጁስ አለኝ። መሬት ሲደለደል በሆዴ ነበር፣ ገና ነው ጌታዬ አልኩት። ከጎኑ የቆመው ሊቀመንበር ልጄን ከቁንጮው እስከ እግሩ አየውና ከት ብሎ ሳቀ።

«መሬት ሲደለደል የመለኪያውን ገመድ ተከትሎ ሲሮጥ በዓይኔ ያየሁትን ልጅ? አንቺ ሴት፣ ነገ ደግሞ ጡት አልተወም በይና አዝለሽው ነይ።»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። ልጄ አንገቱን ደፋ፤ ጆሮዎቹ ሲቀሉ አየሁ። እኔ ያ የሮጠው የእኅቴ ልጅ ነው አልኩ፤ ማርያምን አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሊቀመንበሩ ከኔ ጋር መከራከሩን ትቶ ወደ ሴቶቹ ሰልፍ ዞረና ጎረቤቴን በእጁ ጠራት።

ለምን እሷን እንደመረጠ ገባኝ። ልጇ እንደተወሰደ፣ ከኔ ጋር እንደተኳረፈች አገር ያውቃል። በዚያ ግቢ ልጄን በአንድ ቃል መኪና ላይ ልትሰቅለው የምትችል እሷ ነበረች፤ ብታደርገውም የሚፈርድባት አይኖርም። እኔም አልፈርድባትም ነበር።

ነጠላዋን አጣፍታ ቀስ ብላ መጣች። ሊቀመንበሩ ድምፁን አለዘበ፤

«የሷና ያንቺ ልጅ በአንድ ቀን አይደለም ክርስትና የተነሡት? ያንቺው ለአገሩ ዘምቶ እየተዋጋ ነው። ይኼኛው ቁንጮ አብቅሎ ቆሟል። እስቲ እውነቱን ለጓድ ተናገሪ።»

እሷ እኔን አላየችኝም። ልጄን ነው ያየችው፤ ያንን ራሱን፣ ያንን ቁምጣውን። እሱም ቀና ብሎ አያት። ከዚያች ከአህያዋ ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። እኔ ልብሷን ይዤ ልለምናት ፈልጌ፣ ካድሬው እንዳይጠረጥር ብዬ ተውኩ።

«የኔ ልጅ ክርስትና የተነሣው ብቻውን ነው» አለች።

«ብቻውን?»

«ብቻውን። ይኸ ያን ጊዜ አልነበረም።»

ሊቀመንበሩ ተቆጣ። አስቢበት፣ ይህ የአብዮቱ ጠረጴዛ ነው አላት።

«የኔን ልጅ ከቡሬ ስትወስዱት ዕድሜውን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለችው። «ዛሬ የሌላ ሰው ልጅ ዕድሜ ለምን እኔን ትጠይቁኛላችሁ?»

ካድሬው ሰልፉን አየ፣ ሰዓቱን አየ፤ በሉ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ልጁ አይመዘገብም፣ ወደዚያ ይውጣ አለና ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። የት እንደማስቀምጠው አሳዩኝ፤ እኔም ዝሆኑ ላይ አደረግሁት። ልጄን ሊበላ የነበረውን ሰው መረጥኩ። ባልመርጠው ያውቅብኛል ብዬ ፈራሁ። አሸነፈ መቼም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም እልል አልኩ።

ስንመለስ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ልጄን ወደፊት ሂድ አልኩትና እግሯ ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አቆመችኝ።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ጡቴን ስለጠባ ነው። አንድ ነገር ግን ስሚኝ። የኔው መርዶ የመጣ እንደሆነ ይኸንን ይዘሽ ልቅሶዬ ላይ እንዳትመጪ። እሱን ቆሞ ማየት አልችልም።»

መርዶን ምን አመጣው፣ በደኅና ይመለሳል አልኳት። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ወንዙን ተሻገረች።

ያን ክረምት እንዴት እንዳለፈ እግዜር ነው የሚያውቀው። ሊቀመንበሩ ለስብሰባ ፍኖተ ሰላም ደርሶ ሲመለስ በደጃችን ያልፋል፤ የሸንጎ አባል ሆኖ በቅሎው እንኳ አረማመዷ ተለውጧል። አጥሩ ላይ ቆም ብሎ ቁንጮው አደገ ወይ ይለኛል። እኔ አፌን ሸፍኜ እስቃለታለሁ፤ ሲሄድ ልጄን እንደገና አስቀምጬ እላጨዋለሁ። ልጄ ከኔ ጋር ማውራት ተወ። ያጨንለት ልጃገረድ ቤተሰቦች ለሕፃን አንድርም ብለው መልስ ላኩ። ይሁን አልኩ። በሕይወት ካለ ሌላ ይገኛል።

ጤፉ ሳይታጨድ በአንድ ማለዳ የጎረቤቴን ጩኸት ሰማሁ። መርዶ ነጋሪዎቹ ገና ደጇ ላይ ነበሩ። ልጄ ከመደቡ ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ ምላጩን አውርዶ፣ ያን ቁንጮ በደረቁ ላጨው። ለወንድም የሚደረገው እንዲያ ነው። ደሙ በግንባሩ ወረደ። ነጠላውን አገልድሞ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆምኩበት። የነገረችኝን ነገርኩት። ልቅሶው ላይ ሊቀመንበሩም ከወንዶቹ ጋር እንደሚቀመጥ፣ ራሱን እንዲያ ተላጭቶ ካየው ልጅ አለመሆኑን እንደሚያረጋግጥ ነገርኩት። የቱን የበለጠ ፈርቼ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

«ያጠባችኝ እሷ ናት» አለኝ። ድምፁ የአባቱ ድምፅ ሆኗል።

«አውቃለሁ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ብቻዬን ሄድኩ። ግቢዋ በሰው ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ መሀል አድርገው ደግፈዋታል፤ ፊቷን ነጭታ ደም በደም ሆናለች። በሩ ላይ ስደርስ አየችኝ። ቀጥላም ከኋላዬ፣ መንገዱን አየች፤ ረጅም ጊዜ አየች። እንዳይመጣ ፈርታ ነው ወይስ እንዲመጣላት ፈልጋ፣ አላወቅሁም። እኔም ዘወር ብዬ ባዶውን መንገድ አየሁት፤ ከዚያ ገብቼ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጥኩ።