አጎቴ በሥዕሉ ፊት የጠየቁት

አጎቴ ያዘነ ሰው ሲያዩ «ምን ሆነህ ነው?» ሳይሉ አያልፉም ነበር፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ቆመው ይሰማሉ።

አዳማ ላይ ከሠዓሊ ጓደኞቼ ጋር ስለ ሐዘን የሳልነውን ስናሳይ፣ ከሞጆ መጡልኝ። የምታለቅስ ሴት ሥዕል ፊት ቆሙና ሠዓሊዋን «ልጄ፣ ምን ሆና ነው?» አሏት።

ልጅቷ «እናቴ ናት፤ ታማለች» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሰው ዞሮ ሲያየን አፈርኩ።

«እዚህ እንዲህ አይጠየቅም» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን ሰቀላችሁት?» አሉኝ።

ልጅቷ ማን እንደሆኑ ስትጠይቀኝ፣ እሳቸው እየሰሙ «ጎረቤታችን ናቸው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ስልኳን ተቀብለው እየደወሉ ስለ እናቷ ይጠይቋት እንደነበር ያወቅኩት እሳቸው ሞተው ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ ነው። ከሐዘንተኞቹ መካከል ስታየኝ ግራ ገባት።

«አጎቴ ናቸው» አልኳት።

«ስለ አንተ ሳነሳባቸው ‹ጎበዝ ሠዓሊ ነው፤ ጎረቤቴ ነው› ይሉኝ ነበር» አለችኝ።

ውሸቴን እስከ ሞታቸው ድረስ ሸፍነውልኛል። አሁን ይቅርታ ልጠይቃቸው ብል የሉም።