የዳባሶ ሰባት እንግዶች

ዳባሶን ለማማት ሞያሌ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ሰው የለም፤ ግድግዳ እንጋራለን። እኔ ረምዚያ ጠዋት ከኢትዮጵያ ወገን ወደ ኬንያው ሞያሌ ተሻግሬ መጥቼ ከግድግዳው በዚህ በኩል ድሪያና ሽርጥ እሸጣለሁ። እሱ በዚያ በኩል ሳይበር የሚሉት የኢንተርኔት ቤት አለው፤ ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ የመንግሥት ፎርም ይሞላል፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳል። መሃላችን ያለው ቆርቆሮ ስለሆነ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምለው እኔ ነኝ።

የዚህን ሰው ጠባይ ንገሪን ብትሉኝ እንቢ ማለት አያውቅም እላለሁ። ለሰው እንቢ አለማለት ያስመሰግናል፤ ደግ ነው ይባላል። ዳባሶ ግን ለኮምፒውተር ፕሮግራምም እንቢ ማለት አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለም ላይ ከባድ ስሌት የተጫናቸው ተመራማሪዎች አሉ። ስሌቱን ቆራርሰው በኢንተርኔት ለፈቃደኛ ሰው ይልኩታል፤ ኮምፒውተሩም ሥራ በፈታ ሰዓት የደረሰውን ቁራሽ አስልቶ መልሶ ይልካል። ክፍያ የለውም፣ ለጽድቅ ነው። እያንዳንዱ ቁራሽ ግን ቀነ ገደብ አለው፤ ቀኑ ካለፈ ለሌላ ሰው ይሰጡታል፣ የደከምክበትም ከንቱ ይቀራል።

ዳባሶ መጀመሪያ የያዘው የአካባቢያችንን ዝናብ የሚያጠናውን ነበር። እሱን የያዘበት ምክንያት አለው፣ እመለስበታለሁ። ከዚያ የመድኃኒት ጥናት መጣ፤ "ለበሽተኛ እንዴት እንቢ ይባላል?" አለ። ከዚያ የወባ። ከዚያ የከዋክብት፣ የባትሪ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለምን እንደሚፈለግ እሱም የማያውቀው የቁጥር ስሌት። ሰባት ሆኑ። ኮምፒውተሮቹ ሦስት ናቸው፣ እነሱም ትምህርት ቤት አርጅተዋል ብሎ የጣላቸው። አንዱማ በጥፊ ካልመቱት አይነሳም።

"ዳባሶ፣ ከዋክብቱ ሞያሌ ላይ ካልተቆጠሩ ይወድቃሉ?" እለዋለሁ።

"እንግዳ ናቸው ረምዚያ። የመጣ እንግዳ አይመለስም" ይለኛል።

ስሌቶቹን የሚቀበለው ፕሮግራም ጊዜ ማካፈሉን ራሱ ይችልበታል። የእያንዳንዱን ድርሻ አንዴ ከነገርከው ቀኑ የቀረበበትን ያስቀድማል፣ ወደኋላ የቀረውን በሌላ ጊዜ ይክሳል። ዳባሶ ግን ተራን ለማሽን አምኖ አይሰጥም፤ የአባቱ ልጅ ነው። አባቱ በበጋ የጉድጓድ ተራ የሚያስከብሩ፣ ቦረናዎች አባ ሄሬጋ የሚሏቸው ሰው ነበሩ፤ የማን መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚቆርጡ። ልጁም ግድግዳው ላይ ካርቶን ለጠፈ። ሰኞ መድኃኒት፣ ማክሰኞ ከዋክብት፣ ረቡዕ ዝናብ እያለ ሰባቱን ቀን ለሰባቱ አደለ። ጠዋት ጠዋት የትናንቱን በእጁ ያቆማል፣ የዛሬውን ያስነሳል። አዲስ የመጣ ካለ እንግዳ ነውና ከሌላው ቀን ተቆርሶ ይሰጠዋል። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ የአንድ ሰው ድሪያ ለሰባት ከተቆረጠ የሚወጣው መሐረብ ነው። ብነግረው ሳቀብኝ።

አባቱ ጉራቻ ይባላሉ፤ ሰው ግን በበኩር ልጃቸው ስም አባ ዳባሶ ይላቸዋል። በዚያ በከፋው ድርቅ ከብቶቻቸው ካለቁ ወዲህ ቡቲዬ ሰፈር ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት፤ ስለ ከብት አንዲት ቃል ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የዝናቡን ጥናት ዳባሶ የያዘው ለእሳቸው ነው። "አባ፣ ለሚቀጥለው ድርቅ ሰው አስቀድሞ እንዲያውቅ የእኛም እጅ ይግባበት" ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል። ስለዚህ በየጠዋቱ ቦዳቦዳ ከሚሉት የኪራይ ሞተር ወርደው የሳይበሩ በር ላይ በርጩማቸውን ስበው ይቀመጡና ይጠይቃሉ።

"የዝናቡ አለቀ?"

"እየሄደ ነው አባ።"

አምስት ወር ሙሉ እየሄደ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ዳባሶ ኦዳ መንደር ለቅሶ ሲሄድ ሱቁን ለእኔና ለአባቱ አደራ ብሎ ሄደ። ሽማግሌው ወደ ኮምፒውተሩ እያዩ "ልጄ፣ የዝናቡን እስቲ አንብቢልኝ" አሉኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ከጨርቅ ዋጋ አያልፍም፤ ቀይ ጽሑፍ ግን አይጠፋኝም። ዝናብ፣ ቀኑ አልፏል። ዝናብ፣ ቀኑ አልፏል። እስከ ታች እንዲሁ ነው።

መዋሸት ይቻል ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ምላሴ ለውሸት አልታደለም። "አባ ዳባሶ፣ አንድም አላለቀም" አልኳቸው። "ሌሎች ስድስት አሉ። ሁሉም ተራውን ይጠብቃል፤ ተራው እስኪደርስ ቀኑ ያልፋል።"

ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ካርቶኑን አንብቢልኝ አሉና እኔ ስጠራ በጣታቸው ሰባት ቆጠሩ።

ዳባሶ ከሰዓት በኋላ ገባ። ዛሬ እንኳ ልኩን ይነግሩታል ብዬ ሽርጥ እያጣጠፍኩ ጆሮዬን አቆምኩ፤ ኦሮምኛውን እሰማለሁ።

"ስንት ገንዳ አለህ?" አሉት።

"ሦስት።"

"ስንት መንጋ?"

ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ገባው። "ሰባት። ማንንም አልመለስኩም አባ። ከእርስዎ ነው የተማርኩት።"

"አዎ፣ ከእኔ ነው" አሉ ሽማግሌው። "በዚያ ድርቅ በእኔ ጉድጓድ የሚጠጣው ሦስት መንጋ ነበር። በየሦስት ቀኑ ይደርሳቸው ነበር። ከሩቅ አራት መንጋ መጣና ለመኑኝ፤ እንቢ ማለት አፈርኩ። ተራው በሰባት ቀን ሆነ። ደግ ሰው ተባልኩ። መንጋው ሁሉ ተራ እየጠበቀ አለቀ፣ የእኔም አብሮ። ገና መራመድ ሲችሉ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሂዱ ብላቸው አራቱ ይደርሱ ነበር። ሰው አዝኖልኛል፤ እኔ ግን የገደልኳቸው በደግነቴ እንደሆነ አውቃለሁ።"

ለመሳቅ የቆምኩት ሴትዮ አለቀስኩ። ዳባሶ ሄዶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

በማግስቱ ካርቶኑን ቀደደና አራቱን አሰናበተ። አንዱንም ዝም ብሎ አላጠፋም፤ ለከዋክብቱ በስዋሂሊ "ፖሌ"፣ ይቅርታ፣ ሲላቸው በዚህ በኩል ሰምቼዋለሁ። ሥራቸው ሜዳ ላይ አይቀርም፣ ለሌላ ፈቃደኛ ይደርሳል። ዝናብ፣ መድኃኒትና ወባ ቀሩ፤ ማካፈሉንም ለፕሮግራሙ ተወለት። አንድ የዝናብ ቁራሽ ከግማሽ በላይ ሄዶ ነበር፤ ቀነ ገደቡ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እኩለ ቀን ነው። ዳባሶ እጁን ይበላዋል፣ ሊነካካው ይፈልጋል። አባቱ በርጩማቸውን ከበሩ አንስተው ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡትና ልጃቸው እንዳይነካው መጠበቅ ጀመሩ። ሙቀቱ ሲብስ ማራገቢያዬን ለማሽኑ ወሰዱብኝ፤ ሰባት ቢሆኑ ኖሮ አልሰጥም ነበር።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ጠየቁ።

"የዝናቡ አለቀ?"

"አለቀ አባ።"

"በቀኑ?"

"በቀኑ። ልከነዋል፣ ተቀብለውናል።"

አባ ዳባሶ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "አንድ መንጋ ጠጥቶ ሄደ በለኛ" አሉ። ቆየት ብለው ወደ እኔ ዞሩና፣ ከዚያ ድርቅ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስለ ከብቶቻቸው አወሩ። "አንዲት ቡሬ ላም ነበረችኝ። እኔ ተራ አስከባሪው ገንዳው ላይ ቆሜ፣ የሰውን መንጋ ሁሉ ገፍታ ቀድማ ትጠጣ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ዳባሶ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።