ያነደድኩት ደረጃ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት እዚህ መቱ የማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት መጥታ ተቆጣችኝ። ልጇን ምን ተማርክ ስትለው «እንጨት ደረደርኩ» ይላታል። «በዚህ ዝናብ የማመላልሰው እንጨት እንዲደረድር ነው እንዴ?» አለችኝ። በሥልጠና የተማርኩትን፣ እጁ እንደሚጠነክር፣ መጠንና ብዛት እንደሚለይ፣ ማሰብ እንደሚለምድ ልዘረዝርላት እችል ነበር። የታወሰኝ ግን የጎሬው ግቢ ነው።

አስረኛ ክፍልን ጨርሼ ከሁሩሙ ወደ ጎሬ፣ አክስቴ እትዬ ወይንሸት ዘንድ የሄድኩት ለአንድ ክረምት ነበር። መስከረም ላይ መቱ ወርጄ ለመምህርነት እሠለጥናለሁ፤ እስከዚያ የአራት ዓመት ልጃቸውን ቢኒያምን እይዝላቸዋለሁ። ቢኒያም አይናገርም ማለት ይቻላል። «እማ» እና «እንቢ» ይላል፣ በቃ። መዋዕለ ሕፃናት ቢወስዱት፣ መናገር ሲጀምር ያምጡት ብለው መልሰዋቸዋል። እትዬም ቁርጡን ነገሩኝ። «እሱ ትምህርት ቤት ካልገባ አንቺም የትም አትሄጂም። ለማን ጥዬው ቢሮ ልግባ?»

ይህ ሳያንስ ጠዋት ሲወጡ የግቢውን በር ከውጭ ይቆልፉታል። ክፋት አልነበረባቸውም። «የወንድሜ አደራ ነሽ፤ አንድ ነገር ብትሆኚ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ይሉኛል። አደራ ከቁልፍ ይብሳል። ቁልፍ ብቻ ቢሆን እሰብረው ነበር።

የኢሉባቦር ክረምት መቼም ይታወቃል፤ ያባራል ሲባል ይብሳል። ጎደሬ እቀቅላለሁ፣ ቢኒያምን አስቀምጬ «ሀ በል» እለዋለሁ፣ እሱ ግድግዳ ያያል። ስቆጣው ጭራሽ አፉን ይገጥማል። ያኔ ትቼው አጥሩ ሥር ሄጄ እቆማለሁ። አጥሩ ከቁመቴ በላይ የሆነ ቆርቆሮ ነው፤ ከማዶ የሚኒባሱ ረዳት «መቱ፣ መቱ፣ የሞላ!» ሲል ይሰማኛል እንጂ ምንም አይታየኝም። ስንት ቀን እዚያ ቆሜ እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ልጅ ጠልቼው ነበር። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ግን ጠልቼው ነበር።

ጎረቤታችን አናጢው ጋሽ ገመቹ የዋንዛ ቁርጥራጭ በጎን አጥር ይወረውሩልን ነበር፣ ለማገዶ። በክረምት ደረቅ እንጨት ከየት ይገኛል? እኔ በረንዳው ጥግ እከምረዋለሁ፤ ቢኒያም እያነሳ ይደረድራል፣ ይወድቅበታል፣ ደግሞ ይደረድራል። ፋታ ስለሰጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ምን እንደሚሠራ ግን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ፍልጡ ረጥቦ አልነድ አለኝ። ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ በንዴት ሄጄ የተደረደረውን ሁሉ አፍሼ ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። ወዲያው ቦግ አለ። ዞር ስል ቢኒያም በሩ ላይ ቆሟል። አላለቀሰም።

«ላንቺ ነበር» አለ። ከ«እማ» እና ከ«እንቢ» ሌላ ቃል ሲያወጣ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

«ምኑ?»

በጣቱ ወደ አጥሩ አሳየኝ። «ደረጃ ነው። ማዶውን እንድታዪ። እንዳታለቅሺ።»

እዚያው ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። አሰረኝ ያልኩት ልጅ ስንት ቀን ሙሉ መውጫዬን ሲሠራልኝ ነበር፤ እኔ ጎደሬ ቀቀልኩበት።

ዓይኔን ጠርጌ ወደ ጎን አጥሩ ሮጥኩ። «ጋሽ ገመቹ! ቁርጥራጭ አለ?»

«ማል ታቴ፣ ልጄ? ምን ሆንሽ? ትናንት ሰጠሁሽ እኮ!»

«አነደድኩት።»

«ታዲያ ለማንደድ አይደል የሰጠሁሽ?» ብለው ሳቁ። ግን ወፋፍራሙን እየመረጡ ወረወሩልን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሬው መሬት ተቀመጥኩ። እኔ የደረደርኩት ይወድቃል። እሱ እጄን ይይዝና «ሰፊው ከታች» ይለኛል። «ይሄኛውስ?» ስለው «አጭር ነው፣ ሁለት አምጪ» ይላል። ሀ በል ብዬ ለምኜ ያጣሁትን ቃል እንጨት ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ሳልጠይቀው ያወጣው ጀመር። ለካስ እስከዚያ ድረስ የሚያዋራው ሰው አልነበረም፤ የሚያዘው እንጂ።

በሳምንቱ እንጨቱን አጥሩ ሥር ወስደን ደረጃውን ሠራነውና ወጣሁበት። ጭቃው መንገድ፣ ቁልቁል የሚወርደው ሚኒባስ፣ ሁሉም ታየኝ። «አየሽ?» አለኝ ከታች እግሬን ይዞ። መልስ ሳልሰጠው የግቢው በር ተከፈተ። እትዬ ወይንሸት ናቸው።

«ልታመልጪ? አደራዬን ልትበዪ?»

የመለሰላቸው ቢኒያም ነው።

«እማ፣ አትቆጪያት። እኔ ነኝ የሠራሁት። ሰፊው ከታች ነው፣ አይወድቅም።»

እትዬ ዝናብ እየመታቸው ቆመው ቀሩ። «እስቲ ድገመው» አሉት። ደገመላቸው። ከማግስቱ ጀምሮ በሩ አልተቆለፈም። መስከረም ላይ እሱ ትምህርት ቤት ገባ፣ እኔም መቱ ወረድኩ።

ለዚያች እናት ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ልጇ ጥግ ላይ ተንበርክኮ እንጨቱን ይከምራል። እጇን ይዤ አጠገቡ ወሰድኳትና «ለማን እንደሚሠራው ጠይቂው» አልኳት። እኔ ልጆቹ የሠሩትን ከማንሳቴ በፊት ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ አንድጃለሁና።