ሰርዶ የሳልኩ ጊዜ

ዓረብ አገር፣ አጅማን ከተማ ያለው ማተሚያ ቤት የገባሁ ቀን የተሰጠኝ መቁረጫ ምላጭ ነው። ወረርሽኙ ገና መግባቱ ነበር። የጫማ ዳና የታተመበት፣ ወለል ላይ የሚለጠፍ «ተራራቁ» የሚል ፕላስቲክ ስቆርጥ ዋልኩ።

በኋላ ዲዛይነራችን ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አጠገቡ ተቀምጬ የለቃቀምኩትን ሙያ ይዤ ቀረሁ። አለቃችን ራሺድ አንድ ሥራ ሰጠኝ። ዶክተር አማል የሚባሉ የእህል ተመራማሪ ሙዋይለህ ሰፈር ላለው ቢሯቸው ፖስተር ፈልገዋል፤ አንዴ ተዘርቶ ለዓመታት ስለሚታጨድ እህል።

«ከወደዱት የዲዛይነሩ ወንበር ያንቺ ነው። ካልወደዱት ኸላስ፣ ቪዛሽን የማድስበት ሹግል፣ ሥራ የለኝም» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ገበያው ሞቶበት ነው።

የገበሬ ልጅ ነኝ። ታጭዶ የማይሞት ሲባል የማውቀው ሰርዶን ነው፤ አባቴን ዕድሜ ልኩን ያማረረ አረም። ስለዚህ ሥሩን ግራና ቀኝ እያጥመለመልኩ ሳልኩት። ከግርጌው ለስልክ ቁጥርና ለሎጎ ቦታ ተረፈ። ራሺድ «ማሻላህ» አለ። እኔም ኮራሁ።

ዶክተር አማል ማስካቸውን አድርገው መጡና ሥዕሉን ብዙ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አረም ነው» አሉኝ።

አፈርኩ። ቀድሞ በሠራተኝነት ከቆየሁበት ከማዳም ቤት ባመጣሁት ዓረብኛ እውነቱን ተናገርኩ። «እህሉን አይቼው አላውቅም፣ ዶክተር። የሳልኩት ያባቴን ማሳ ሰርዶ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አታውቅም እንዳይሉኝ ፈርቼ።»

ራሺድ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና ስልካቸው ላይ ፎቶ አሳዩኝ። ሥሩ እንደ ጸጉር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከአንድ ሰው ቁመት በእጅጉ ይበልጣል።

«ይሄን የሚችል ወረቀት የለንም» አለ ራሺድ።

«የወረቀቱ ጥቅል የሚያንሰው ወርዱ ነው እንጂ ርዝመቱ አያጥርም» አልኩና ወደ እሳቸው ዞርኩ። «ቢሮዎ ሰው በምን ይወጣል?»

«ሊፍቱ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የተፈቀደው። ሁሉም በደረጃ ነው።»

አዲሱን ፖስተር በደረጃው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ የሥሩ ጫፍ ከታች መግቢያው ጋ፣ ዛላው አንደኛ ፎቅ ላይ። ራሺድ ራሱ መሰላሉን ያዘልኝ። የሕንጻው ጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ፣ ሥሩን በዓይኗ እየተከተለች ወጣች። ዛላው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይህ ሁሉ ሥር ለዚች ዛላ?» አለች።

«እንዲህ እንዲባል ነበር የፈለግሁት» አሉ ዶክተር አማል።

ራሺድ መሰላሉን አጣጠፈና «ያላ፣ ነገ በጊዜ ነይ። ወንበሩን አስጠጋሁልሽ» አለኝ። እንባዬ ማስኬን አረጠበው።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ የእንጀራ ገመዴን ልበጥስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ነገር ሳልጠይቅ አልስልም።