በመዳፉ የሚስለው ውሻ

ጣልያን አዲስ አበባን ይዞ በነበረበት ዘመን የፊት ጥርሶቼ ገና እየወለቁ የሚተኩ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ዛሬ ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር ነበር፤ ስሙ ያኔ ገና አልተለመደም። ሰዓት እላፊ ስለታወጀ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በራችን ይቀረቀራል። ትልልቆቹ በዚህ ይተክዙ ነበር፤ እኔ ግን፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ይለኝ ነበር። አባባ ደምሴ የትም መሄድ ስለማይችሉ የእኛ ብቻ ይሆናሉ።

አባባ ደምሴ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራዩ የድሮ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። በቅሎዎቻቸውን ወታደሮች ወስደውባቸው፣ የቀራቸው በትራቸውና በአንገታቸው የምትንጠለጠል የእሾህ መንቀያ ወረንጦ ነበረች። ያኔ ኩራዙ ሲለኮስ ፍሙ አጠገብ ተቀምጠው፣ «ጭሱ አስለቀሰኝ» እያሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ ተረት ይጀምራሉ፤ የሚያዘወትሩትም ዳኛ ፊት የቀረበውን ውሻ ነበር። ውሻው አቤት ሊል አፉን ሲከፍት ሳል ይይዘዋል፤ ዳኛውም «በአንገትህ ነው የምትስለው፣ በሆድህ ነው ወይስ በመዳፍህ?» ይሉታል። በአንገቱ ከሆነ ብርድ ነው፤ ገመዱ ይፈታለትና ከጭስ ርቆ ይረፍ። በሆዱ ከሆነ ሣር በልቶ ሊያስመልሰው ነው፤ ተዉት። በመዳፉ ከሆነ ግን ፍርዱ ይቆይ፣ አፉ ይታይ! ሦስቱንም ሳል እየሳሉ ሲያሳዩን በሳቅ እንፈርሳለን። «አባባ፣ በመዳፍ ይሳላል እንዴ?» እላለሁ። «ቆይ፣ ታዪዋለሽ» ይሉኛል።

የእኛ ውሻ ስሙ አይነኬ ይባል እንጂ ድመት ሲያይ የእናቴ ቀሚስ ሥር የሚገባ ፈሪ ነበር። ሁዳዴን ሙሉ ሹሮዬን እያካፈልኩ አብሮኝ ስላስጾምኩት፣ የፋሲካ ዕለት እሱም እንደ ክርስቲያን ጾሙን ይፍታ ብዬ፣ የደረሰኝን የዶሮ ክንፍ ከነአጥንቱ ጓሮ ወስጄ ሰጠሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

እኩለ ቀን ላይ ጉድ ፈላ። አይነኬ አንገቱን ዘርግቶ እያነቀው ይስላል፤ ለሀጩ እየተዝረበረበ ግቢውን ይዞራል። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አጥር ላይ ሆነው «ኧረ አበደ! ወታደሮቹ ሰምተው ግቢ ለግቢ ሳይገቡ ግደሉልን!» ብለው ጮኹ። ወታደር ሲባል ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ አባቴም ዱላ አነሳ። ክንፉን ብናገር እገረፋለሁ፤ ዝም ብል አይነኬ ይሞታል። ያኔ ውሻው ቁጭ ብሎ በሁለት መዳፉ አፉን መቧጠጥ ጀመረ።

«በመዳፉ ነው! አባባ፣ በመዳፉ ነው የሚስለው! የዶሮ አጥንት ሰጥቼዋለሁ!» ብዬ አለቀስኩ።

አባባ ደምሴ ከክፍላቸው እየሮጡ ወጡ። «አባቷ፣ ዱላህን ጣልና ጋቢውን አምጣ! አንቺ ልጅ፣ ወደዚያ ራቂ፤ የጨነቀው ውሻ ጌታውንም ይነክሳል» አሉ። አባቴ በጋቢ ጠቅልሎ ያዘው፤ እሳቸው በትራቸውን በመንጋጋው መሐል በአግድም አስገብተው አጎነበሱ። «ይኸው፣ ላንቃው ላይ ተጋድሟል» አሉና በወረንጦዋ ሳብ አደረጉት። አይነኬ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ዞር ዞር ብሎ አየን፣ ከዚያ በቀጥታ ለማየት ግቢያችን ወደ ገቡት እትዬ በላይነሽ ሄዶ እግራቸውን ላሰ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው! እትዬ በላይነሽም «ውይ በሞትኩት!» እያሉ ከራሳቸው ድስት ሥጋ አመጡለት፤ አጥንት የሌለው። እኔም አልተገረፍኩ።

ማምሻውን ፍሙ አጠገብ ሁላችንም ስንስቅ አባባ ደምሴ ብቻ አጥንቷን በጣታቸው ያገላብጡ ነበር። ኋላ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «የተረቱ ውሻ የእኔ ነበር፤ መንገድ ላይ በመዳፉ ሲስል አብዷል ብዬ በዚሁ በትር ገደልኩት። አጥንቱን ያገኘሁት ከሞተ በኋላ ነው» አሉኝ። ከዚያ አይነኬ ጭናቸው ላይ አገጩን ሲያሳርፍ ሳቃቸው መጣ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያን ቀን ግን በጭሱ አላሳበቡም።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ። መንገድ ላይ ውሻ ሲስል ከሰማሁ ቆሜ «በአንገትህ ነው፣ በሆድህ ነው ወይስ በመዳፍህ?» እለዋለሁ። የሰፈሩ ወጣቶች «እማማ አበዱ» እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬያቸው እየሳቅሁ «በሉ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አፌን እዩ» እላቸዋለሁ።